ጀርባውን የሰጠው አንበሳ

መቱ ከተማ ውስጥ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ አንበሳን መጀመሪያ ያየው ሙሐዲን ኢክረማ በሣለው ግድግዳ ላይ ነው።

ሙሐዲን ታፔላ ጻፊ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ ከአባቱ ሱቅ ጎን በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቀለም የተንጠባጠበበት ጋውኑን ለብሶ ቆሞ ይውላል። የፀጉር ቤቱ፣ የጎሚስታው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የቀበሌው ታፔላ ከእጁ የወጣ ነው። ማስመሪያ ሳይዝ ቀጥ ያለ መስመር ይጥላል። የመሥሪያ ቤቶች ሥራ በኦሮምኛ ሲሆንና ታፔላው ሁሉ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ መጻፍ ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ፋታ አጣ። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ ቁቤን የተማረው ከተማሪዎች ደብተር ላይ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ፊደሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ሲደረደር ሰሌዳው አልበቃ እያለው፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ሚኒባስ ላይ ዘግይቶ እንደተሳፈረ ሰው ተጣበው የቀሩባቸው ታፔላዎች ነበሩ። ሰዎች ሲስቁበት፣ "ሰሌዳ አስረዝሙ እንጂ እኔ የሰው ቋንቋ አላሳጥርም" ይላቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አይሥልም፤ ነፍስ ያለው ነገር።

አባቱ አቶ ኢክረማ በከተማው የታወቁ ባለሱቅ ናቸው። ልጃቸው ብሩሽ ሲይዝ አልከለከሉትም። በመጀመሪያው ቀን ግን ከጎናቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦

"ልጄ፣ ፊደል ጻፍ። ዛፍ ሣል፣ ሙዝ ሣል፣ መኪናም ሣል። ነፍስ ያለውን ግን ተወው። የቂያማ ዕለት ምስል የሠራውን ሰው፣ 'በል እስቲ የሠራኸውን ነፍስ ዝራበት' ይሉታል። ያን ጊዜ ምን ብለህ ትመልሳለህ?"

ሙሐዲን የአባቱን ቃል ጠበቀ። አንድ ምግብ ቤት ዶሮ ሣልልን ቢለው በሳሕን ላይ የተጋደመች፣ የተጠበሰች ዶሮ ሣለ። አባቱ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና፣ "ይሄስ?" አሉት።

"አባ፣ ይቺማ ነፍሷ ከወጣ ቆየ።"

አቶ ኢክረማ ሳቃቸውን በነጠላ ፎጣቸው ሸፍነው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

እትዬ ዘውደነሽ ወደ ሙሐዲን የመጡት በ1995 መስከረም ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ድምፃቸው ግን ሰልፍ ማስያዝ የለመደ ሴት ናቸው። በግቢያቸው መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር።

"ግድግዳዬን እንስሳ ታለብስልኛለህ" አሉት፣ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ።

"እትዬ፣ አበባ ልሣልልዎት። ወይ አናናስ..."

"አናናስ ምን ያደርግልኛል! ልጆቹ ጦጣ ያውቃሉ፤ ከርከሮም ያውቃሉ፣ የቤተሰባቸውን በቆሎ ስለሚጨርስ። አንበሳ አሳዩኝ ስላቸው ግን የጎረቤት ውሻ ነው የሚያሳዩኝ።"

ሙሐዲን አባቱን ሳያማክር መልስ አልሰጠም። ጁሙዓ ደርሶ አቶ ኢክረማ ከመስጊድ ሲመለሱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠሩት።

"ሼሁን ጠየቅኳቸው። ለሕፃናት መማሪያ ከሆነ የሚፈቅዱ ዐሊሞች አሉ፣ የሚከለክሉም አሉ አሉኝ። እንግዲህ የልብህን ኒያ የምታውቀው አንተ ነህ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ ሰው ሲያደንቅልህ 'የእኔ ሥራ ነው' ብለህ ልብህን አታሳብጥ።"

እሺ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። ሙሐዲን በሕይወቱ ዝሆን አላየም፣ ቀጭኔ አላየም፣ አንበሳም አላየም። ቀጭኔዋን ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ቀዳት፤ አንገቷ ጣሪያው ሥር ሲደርስ ግድግዳው አለቀበትና ወደ ጎን ጎንበስ አደረጋት። አንበሳው ባሰ። ከየት ያምጣው? የሳንቲሙ ጀርባ ላይ አንበሳ አለ፤ እሱ ግን ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው። ሙሐዲን ፊቱን ከሳንቲሙ ወሰደና ለቀረው አካል ጎረቤቱ አቶ ጭምዴሳ ደጅ የታሰረውን በሬ ሲያጠና ሰነበተ። ዐይኑን ከድመት ወሰደ። እግሩን ከበሬው፣ ጥፍሩን ከድመቷ፣ ጅራቱን ደግሞ ከሰማው ወሬ።

አንበሳው ሲያልቅ አንዲት ሕፃን አይታው ጮኻ አለቀሰች። እትዬ ዘውደነሽ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

"ሙሐዲን፣ አስቀው!"

"አንበሳ ይስቃል እንዴ እትዬ?"

"የእኔ ግቢ ውስጥ ይስቃል።"

አሳቀው። ሠላሳ ሁለት እኩል ጥርስ፣ ነጭ በነጭ። ያ አንበሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከበሩ በስተቀኝ እየሳቀ ልጆቹን ተቀበለ፣ ልጆቹንም ሸኘ። እናቶች፣ "ሙሐዲን፣ እጅህ ይባረክ" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ያንን ግድግዳ ባየ ቁጥር ግን ደረቱ ሞቅ እንደሚለው ለራሱም መደበቅ አልቻለም።

በ2000 ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በፊት ነው፤ ኢብሴ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ኢብሴ ከሁሩሙ በኩል የመጡ የማር ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እየቀላቀለች እንደ ልቧ ትናገራለች። እትዬ ዘውደነሽ ራሳቸው ነበሩ የሚያስተምሩት።

"አንበሳ ምን ይበላል?" ብለው ነበር የጠየቁት።

"ሥጋ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"እትዬ፣" አለች ኢብሴ፣ "እየሳቀ ነው የሚበላው?"

እትዬ ዘውደነሽ ጠመኔውን አስቀመጡ። ያን ዕለት ማታ ወላጆችን የሚጠራ ደብዳቤ ጻፉ። ስብሰባው ላይ ልጆቹን አዲስ አበባ አንበሳ ግቢ ወስደው እውነተኛ አንበሳ ሊያሳዩ እንዳሰቡ ሲናገሩ ከወላጆቹ አንዱ ተነስቶ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህን እንቡጦች ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ለአንበሳ ብለን ነው የምናጓጉዛቸው?" አለ።

"አዎ" አሉ እትዬ ዘውደነሽ፣ "ለአንበሳ።"

ጉዳዩ በዚያው አለቀ። የሚሄዱት ከፍ ያለው ክፍል ልጆች ናቸው፤ ሃያ ሁለት ልጆች፣ ሁለት መምህራን፣ አራት እናቶች። መኪናው የደበሳ ነው። ደበሳ በመቱና በበደሌ መካከል ስንት ዓመት የተመላለሰ፣ በየኩርባው ጡሩምባ የሚነፋ ሾፌር ነው። እትዬ ዘውደነሽ ወደ ሙሐዲንም ጎራ አሉ።

"አንተም ትሄዳለህ። አንበሳውን አይተህ ትመጣና ግድግዳዬን ታድስልኛለህ፤ ቀለሙ ወይቧል።"

ሙሐዲን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከጅማ ወዲያ አልፎ አያውቅም። ሚስቱ ሱልጣና ብርድ ልብስና የዳቦ ቆሎ ጠቀለለችለት። አባቱ ሊሰናበታቸው ሲገባ እጁን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ያን ጊዜ የዐይን ሞራ ጀምሯቸው ነበር፤ የሰው ፊት የሚለዩት በጣም ሲቀርባቸው ነው።

"ደህና አድርገህ እየው" አሉት።

ልጆቹ እስከ በደሌ ዘፈኑ። ከበደሌ ወዲያ ግማሾቹ አንቀላፉ፣ ግማሾቹ አስመለሳቸው። ጅማ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው አደሩ። በማግስቱ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ከመቱ ዝናብ ለመጡ ልጆች እንግዳ ሆኖባቸው ጫማቸውን ሁሉ አወለቁ። ደበሳ ቁልቁለቱን ጨርሶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ፣ "እዚህ ወንዝ ውስጥ ጉማሬ አለ" ብሎ ቢነግራቸው ሃያ ሁለቱም ወደ አንድ መስኮት ተንጋግተው ጉማሬ ሳያዩ አለፉ። አዲስ አበባ የገቡት አመሻሽ ላይ ነው። የእትዬ ዘውደነሽ የድሮ ባልደረባ የምታስተዳድረው ትምህርት ቤት ተቀበላቸው።

ጠዋት ብርድ ነበር። እትዬ ዘውደነሽ ከመቱ ድረስ ያመጡትን ረጅም ገመድ ዘረጉ። ሃያ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል፤ አንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ ይይዛል፤ ቋጠሮውን የለቀቀ ወደ ደበሳ መኪና ይመለሳል። ከስድስት ኪሎ አደባባይ ወደ አንበሳ ግቢው በእግር ሲሄዱ ኢብሴ የመጨረሻውን ቋጠሮ ይዛ ከሙሐዲን ፊት ፊት ትራመድ ነበር።

ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሲቀራቸው ሙሐዲን ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማው። አጥንቱ የሚርገበገብ መሰለው። ቀጥሎ ነው ጆሮው የሰማው፤ ከምድር ሥር የሚመጣ፣ ወፍራም፣ የሚጎተት ድምፅ። ደበሳ ዞር ብሎ መንገዱን አየ።

"ትልቅ ናፍጣ መኪና እየተነሳ ነው" አለ።

መንገዱ ላይ ግን መኪና አልነበረም። ድምፁ እንደገና መጣ፣ ደጋገመ፣ እያጠረ እያጠረ ሄዶ እንደ ማቃሰት ሆኖ አለቀ። ሃያ ሁለቱ ልጆች ያለማንም ትእዛዝ ቆመው ነበር። ገመዱ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። የከተማው ሰው ግን በአጠገባቸው ዳቦውን ይዞ፣ ጋዜጣውን ይዞ ያልፋል፤ ለእሱ የየማለዳው ነገር ነው። ሙሐዲን ያንን ሰው ሁሉ በመገረም አየው። እንዲህ ያለ ድምፅ እየሰሙ እንዴት ዳቦ ይገዛሉ?

ገቡ። የመጀመሪያው አንበሳ ከብረቱ ወዲያ፣ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተኝቶ ነበር። የሚታየው ሰፊ ጀርባ፣ ጥቁር ጎፈርና ጫፉ ፀጉራም የሆነ ጅራት ነው። ልጆቹ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ኢብሴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፈረደች።

"ኩን ሌንጫ ሚቲ!" አለች። "ይሄ አንበሳ አይደለም። የእኛው ይስቃል።"

"የእኛው ቢጫ ነው!" አለ ሌላው።

"ጋሼ ሙሐዲን፣ አስተካክለው!"

"አስተካክለው ጋሼ!" አሉ ሁሉም በአንድ ላይ።

ሙሐዲን ሊስቅ ፈልጎ ሳለ አንበሳው ተነሳ። ቸኩሎ አልተነሳም። መጀመሪያ የፊት እግሩን ዘረጋ፣ ከዚያ ያ ሁሉ አካል ክብደት እንደሌለው ነገር ወደ ላይ መጣ። ዞረ።

ሙሐዲን ዕድሜውን በሙሉ ቀለም ሲቀላቅል የኖረ ሰው ነው። ዐይኑ በልማዱ ቀለሙን ሊለካ ሄደ፣ ግን አልቻለም። እሱ በጣሳ የገዛውን ቢጫ ነበር የቀባው። ይሄ ግን ትከሻው ላይ የደረቀ ሣር ይመስላል፣ ሆዱ ሥር ማር ይመስላል፣ አፍንጫው አካባቢ ግራጫ ነው፤ በተራመደ ቁጥርም ቀለሙ ቦታ ይለውጣል። ጎፈሩ ከግንባሩ ቡኒ ሆኖ ይጀምርና ደረቱ ላይ ጠቁሮ እስከ ሆዱ ይወርዳል። ሲራመድ ትከሻው ላይ ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ብቅ ይላል፣ ይሰጥማል፣ ደግሞ በሌላው በኩል ብቅ ይላል። ይህ በሬ ላይ የለም። ዐይኑ የድመት ዐይን አይደለም፤ መካከሉ ክብ ነው፣ እንደ ሰው። ያ ዐይን በልጆቹ ላይ አለፈ፣ በሙሐዲን ላይ አለፈ፣ ከእነሱ ኋላ በሩቅ ያለ አንድ ነገር የሚያይ መሰለ።

በብርዱ ውስጥ ትንፋሹ ይታይ ነበር። ከአፍንጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ይወጣል። ሙሐዲን ዐይኑን ከዚያች ጭስ ላይ መንቀል አቃተው። ግድግዳ ላይ ጥርስ ሠርቷል፣ ጥፍር ሠርቷል፤ ይሄን ግን የሚሠራበት ቀለም ከየትም ሱቅ አይገዛም።

"ሱብሐነላህ" አለ ሳያውቀው።

አንበሳው አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ሆዱን ሰበሰበ፣ ከዚያ አገሳ። ከበር ውጭ የሰሙት ድምፅ አሁን አምስት እርምጃ ላይ ነው። የብረቱ በትር ዘመረ። መሬቱ በጫማቸው በኩል ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ከልጆቹ አንዱ ሱሪው ላይ ሸና፤ ማንም አልሳቀበትም፣ ራሱም ያወቀው አይመስልም። የሚያለቅስ አልነበረም። ደበሳ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ግሳቱ አልቆ ዝምታው ሲመለስ ሙሐዲን ትንሽ እጅ ጣቱን ስትይዘው ተሰማው። ኢብሴ ቋጠሮዋን ለቃ መጥታ ነው። ዐይኗን ከአንበሳው ሳትነቅል፣ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ ይሄኛውን ማን ሣለው?"

ሙሐዲን አፉን ከፈተ። የአባቱ 'ነፍስ ዝራበት' የሚለው ቃል ያኔ ገባው ማለት አይቻልም፤ ገብቶት ነበር የኖረው። ያኔ ግን ክብደቱን ተሸከመው። እንባው ወረደ።

"እኔ አይደለሁም" አላት። "ኢብሴ፣ እኔ አይደለሁም።"

እሷም፣ "አውቃለሁ" አለችው፣ እሱን ለማጽናናት እንደሚናገር ትልቅ ሰው።

ከዚያ በኋላ ኤሊም አዩ፣ ዝይም አዩ፤ ልጆቹም ቀስ በቀስ ወሬያቸው ተመለሰላቸው። ወደ በሩ ሲመለሱ እትዬ ዘውደነሽ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ሙሐዲን ተጠጉ።

"ያንን ሳቅ ያስጨመርኩብህ እኔ ነኝ" አሉት። "ይቅር በለኝ።"

"ኧረ እትዬ፣ ምን አጠፉና? እኔስ በሬ አይደል ያቆምኩልዎት።"

እዚያው በር ላይ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የደከመ፣ ከትልቅ ነገር የተረፈ ሳቅ ነበር።

መቱ ሲመለሱ ሙሐዲን መጀመሪያ የገባው ከአባቱ ሱቅ ነው። አቶ ኢክረማ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ሳሙናና ዘይት ሊገዙ የመጡ ሦስት አራት ሰዎች ቆመዋል።

"እህስ፣ አየኸው?" አሉት።

"አየሁት አባ።"

"ንገረኝ።"

ነገራቸው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ ዐይኑ፣ ስለ ትንፋሹ። ገዢዎቹ ሳሙናቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። ስለ ግሳቱ ሲደርስ አባቱ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። እኔም አንድ ነገር ልንገርህ። ልጅ ሆኜ፣ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ኡካ በኩል ከእናቴ ጋር በጫካ መንገድ ስንሄድ ማለዳ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ዝም በል ብላ አፌን ያዘችኝ። ምን እንደሆነ ጠይቄያት አልነገረችኝም። ሰዎች ነጎድጓድ ነው አሉኝ፣ ሌሎቹ ዛፍ ወድቆ ነው አሉኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ምን እንደሰማሁ ሳላውቅ ኖርኩ።" ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። "እስቲ አሰማኝ።"

"አባ፣ ሰው ፊት?"

"አሰማኝ እንጂ!"

ሙሐዲን ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ሆዱን ሰበሰበ፣ የሚችለውን ያህል አገሳ። የመጀመሪያው እንደ ላም ሆነበት፣ ሰዎቹ ሳቁ። ሁለተኛውን ከሆዱ አወጣው፤ እያሳጠረ፣ እያሳጠረ፣ በመጨረሻ እንደ ማቃሰት አድርጎ ጨረሰው። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አቶ ኢክረማ ፊታቸው ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ገጽታ ነበር።

"አዎ" አሉ ቀስ ብለው። "እሱው ነው። መጨረሻው እንደዚያ ነው። አላህ ጠብቆን፣ ያኔ ትቶን ሄዶ ነው እንጂ..." ቃላቸውን አልጨረሱትም። የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሙሐዲን ነጭ ቀለም በጣሳ ይዞ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደና የሚስቀውን አንበሳ አጠፋው። ከዚያ በኋላ ግን እጁ አልታዘዝ አለ። በየቀኑ ይመጣል፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ነጩን ግድግዳ ያያል፣ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አለፈ። ትንንሾቹ፣ አዲስ አበባ ያልሄዱት፣ አንበሳቸውን መልስልን እያሉ አስጨነቁት። እትዬ ዘውደነሽ ታገሡት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት በሩን ዘግቶ ሠራ፤ ከሰዓት በኋላ ሲከፍተው ግድግዳው ላይ ድንጋይ ነበር፣ በድንጋዩም ላይ ጀርባውን የሰጠ አንበሳ። ሰፊ ጀርባ፣ ጥቁር ጎፈር፣ ጫፉ ፀጉራም የሆነ ጅራት። የደረቀ ሣር ቀለም፣ ጥግ ጥጉ ላይ ማር።

እትዬ ዘውደነሽ እጃቸውን አጣምረው አዩት።

"ፊቱስ?"

"ፊቱን አልችለውም እትዬ።"

እንዳለ ተቀበሉት። የሆነው ነገር ግን ሁለቱም ያልጠበቁት ነው። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት እየመጡ ከግድግዳው ፊት መቀመጥ ጀመሩ። አዲስ አበባ የሄዱት ላልሄዱት፣ "ዝም በሉ፣ ሲዞር ታያላችሁ" ይሏቸዋል። በተቀመጡበት እስትንፋሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ደወል ሲደወል እንኳ ወደ ኋላ እያዩ ነው የሚገቡት። አንዲት እናት ልጇ ቁርስ አልበላም ብሎ የሄደው፣ "ዛሬ ይዞር ይሆናል" በማለት መሆኑን ለእትዬ ዘውደነሽ ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር ተለወጠ። አቶ ኢክረማ በ2003 አረፉ። ዲጂታል ማተሚያው ከተማው ሲገባ ሰው ሁሉ ባነር ወደደ፤ ፊደሉ ቢረዝምም ቢያጥርም ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል። ሙሐዲን ብሩሹን ሰቅሎ ከሱልጣና ጋር የአባቱን ሱቅ ያዘ። እትዬ ዘውደነሽ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መዋዕለ ሕፃናቱን ከእሳቸው ጋር ላስተማረችው ለጀናት አስረከቡ፤ ያ ሕንፃም ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ። ኢብሴ አግብታ ጅማ ትኖራለች፤ ስትመጣ ሱቁ ጎራ ብላ እንደ ድሮው ጋሼ ትለዋለች።

ሙሐዲንን ግን ያ ጉዞ አንድ ነገር አስለምዶት ቀረ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየት። ሱቁን ለሱልጣና ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሶር ጫካ ይሄዳል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ያያል። ሰዎች መጀመሪያ ጤናውን ተጠራጠሩ፣ በኋላ ለመዱት። ሕፃናቱን አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ሲያስቸግር ጀናት መጥታ፣ "ጋሼ፣ ልጆቹን እርስዎ ይውሰዱልን" አለችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሕፃናቱን ወደ ሶር የሚወስደው እሱ ነው። ወደ ሶር ወንዝ ፏፏቴ ሥር አያወርዳቸውም፤ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ከላይ፣ ድምፁ በሚሰማበት ጫካ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።

ያለፈው ኅዳር አሥራ ስምንት ልጆች ይዞ ሄደ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ ውኃ እንደያዘ ነው። ልጆቹን በላስቲክ ላይ አስቀመጣቸው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። የአራት ዓመት ልጅ ዝም ማለት አይችልም ይባላል፤ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቅርንጫፍ ተንቀሳቀሰ። ጉሬዛዎች ነበሩ፤ ጥቁር አካል፣ ከትከሻቸው የሚወርድ ነጭ ካባ፣ ረጅም ነጭ ጅራት። ከእነሱ አንዷ ዝቅ ብላ መጥታ ልክ ከልጆቹ በላይ ተቀመጠችና ክንዷን ገለጥ አደረገች።

ደረቷ ላይ የተለጠፈ ሕፃን ነበር። ነጭ ነው። ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ አንድም ጥቁር የለበትም።

"ዱቄት ውስጥ ገብቶ ነው" አለ አንዱ ልጅ በሹክሹክታ።

"የሌላ ልጅ ነው" አለች ሌላዋ።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ነጭ የሆነው?"

ሙሐዲን በእነዚህ ዛፎች ሥር ሃምሳ ዓመት ኖሯል። ጉሬዛ በየመንገዱ አይቷል፣ እንደ ቁራ፣ እንደ ውሻ፣ ሳያስተውል፤ አራስ ጉሬዛ ግን እንዲህ ቀርባው አታውቅም። ሲወለድ ነጭ መሆኑን አያውቅም ነበር።

"አላውቅም" አላቸው። "እኔም ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

ጉሬዛዋ ወደ ታች አየቻቸው፣ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች፣ ከዚያ ዘለለች። ነጭ ጅራቷ ከኋላዋ ተዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ በአየር ላይ ስትሻገር ቅርንጫፉ ተወዛወዘና የሌሊቱ ዝናብ ሁሉ ላያቸው ላይ ወረደ። አሥራ ስምንቱ ልጆችና አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ላይ እንዳንጋጠጡ፣ አፋቸው ክፍት፣ ውኃው በጉንጫቸው እየወረደ ቀሩ፤ ማንም ለመጥረግ እጁን አላነሳም።